ፕሮግራሚንግ ሳልችል የአንጎል ካርታ ሥራ ውስጥ መግባት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ በአናቶሚ ማስተርስ አለኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ከሁሉም የምወደው ኒውሮአናቶሚ ነው። ዲጂታል የአንጎል ካርታ የሚባለውን ሥራ በቪዲዮ ካየሁ ወዲህ ልቤ እዚያ ነው። ችግሩ ፕሮግራሚንግ አልችልም። ሶፍትዌር የሚሠራው ወንድሜ ደግሞ «እሱን አሁን ኤአይ ጨርሶታል፣ ጊዜሽን አታቃጥይ» ይለኛል። 29 ዓመቴ ነው። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? ከገባሁስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ግማሹን አልተሳሳተም። መጀመሪያ ልክ የሆነበትን ልንገርሽ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

በ1986 የአንዲት ትንሽ ትል የነርቭ ካርታ ታተመ። ትሏ ያሏት የነርቭ ሴሎች 302 ብቻ ናቸው። ያም ሆኖ ሰዎች በዐይናቸውና በእጃቸው እየተከታተሉ ነው የጨረሱት፤ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። በ2024 ደግሞ ፍላይዋየር የሚባለው ቡድን የአንዲት ዝንብ ሙሉ አንጎል ካርታ አወጣ። የዝንቧ አንጎል ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም፤ ውስጡ ግን 139,255 የነርቭ ሴሎችና 50 ሚሊዮን ገደማ ሲናፕሶች (ሴሎቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች) አሉ። እያንዳንዱን ሴል ከጎረቤቱ የለየው ኤአይ ነው። በእጅ ይሠራ ቢባል የአንድ ትውልድ ዕድሜ አይበቃም ነበር። እዚህ ድረስ ወንድምሽ ትክክል ነው።

ግን ኤአይ ይሳሳታል፣ ያውም በልበ ሙሉነት። የአንዱን ሴል ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር ያጋባል። አንዱን ሴል መሐሉ ላይ ቆርጦ ሁለት ያደርገዋል። ይህን አንድ በአንድ እያዩ ያረሙት ሰዎች ናቸው። ልፋታቸው ሲደመር አንድ ሰው 33 ዓመት ቢሠራ እንደማለት ነው ተብሏል። ይህ እንግዲህ ለዝንብ ነው። እኛ 86 ቢሊዮን ሴል ተሸክመን ነው የምንሄደው።

ደግሞስ ኤአዩን ማን አስተማረው? «ይህ ድንበር ነው፣ ያኛው ግን የተቀደደ ቁራጭ ነው» ብሎ ያሰመረለት ሰው አለ። ያ ሰው አናቶሚ የሚያውቅ ነው።

በቅርብ ላሳይሽ። የአይጥ አንጎል በ40 ማይክሮሜትር ውፍረት ተቆርጦ ሳህን ላይ ይንሳፈፋል። ከሥዕል ብሩሽ የቀጠነ ብሩሽ ይዘሽ ቁራጩን ወደ ስላይዱ ትስቢዋለሽ። ልክ እንደ እርጥብ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። እጅሽ ትንሽ ከቸኮለ ጠርዙ ይታጠፋል። ታጥፎ ከደረቀ አለቀ፤ በክሬሲል ቫዮሌት ስታቀልሚው እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ድርብ ስለሚሆን ወፍራም ጥቁር መስመር ይወጣል። ኮምፒውተሩ ያንን ሲያይ «እዚህ ጋ ሴል በዛ፣ ስለዚህ ሌላ ክፍል ተጀመረ» ሊል ይችላል። አንቺ ግን ስታዪው ትስቂያለሽ። እጥፋት ነዋ! በራስሽ እጅ አጥፈሽ የምታውቂውን ነገር ስክሪን ላይ ለመለየት ኮርስ አያስፈልግሽም።

በ2013 የወጣውን ቢግብሬይን የሚባለውን የሰው አንጎል ሞዴል አስቢ። የጀርመኑ ዩሊሽ የምርምር ማዕከልና የሞንትሪያል ኒውሮሎጂካል ኢንስቲትዩት አብረው የሠሩት ነው። የአንዲት የ65 ዓመት ሴት አንጎል በፓራፊን ተይዞ፣ 7,404 ቦታ ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ 20 ማይክሮሜትር ሆኖ፣ ተቀልሞና ስካን ተደርጎ መልሶ ተገጣጠመ። መረጃው አንድ ቴራባይት ያህል ነው። ሰው የሚያደንቀው ቴራባይቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የተቀደደውና የተጨማደደው ቁራጭ ሁሉ መታየትና መጠገን ነበረበት። እንዲያ ያለ ሥራ ላይ ከሱፐርኮምፒውተሩ ጎን ቁጭ ብሎ «ይህ የአንጎሉ ነው፣ ይህ የቢላው ነው» የሚል ሰው የግድ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄሽ አጭሩ መልስ፦ ግቢበት። ያለሽ ነገር በገበያው ላይ እየረከሰ ሳይሆን እየተወደደ ነው። ፕሮግራመር በሽ ነው። ቲሹ አይቶ የሚያውቅ ፕሮግራመር ግን ጥቂት ነው፤ ኮድ የማይፈራ አናቶሚስት ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

አሁን ረጅሙን መልስ። ካርታው ራሱ ምን እንደሆነ ካልተግባባን የት እንደምትገቢ ላሳይሽ አልችልም።

በ1776 ጣሊያን ፓርማ ውስጥ ፍራንቼስኮ ጄናሪ የሚባል የሕክምና ተማሪ የቀዘቀዘ አንጎል ሲቆርጥ ከኋላ በኩል፣ በግራጫው ንብርብር መሐል፣ ቀጭን ነጭ መስመር አየ። በባዶ ዐይኑ ነው ያየው። በ1782 አሳተመው። ያ መስመር ዛሬም የጄናሪ መስመር ይባላል። መስመሩ ያለበት ኮርቴክስ (የአንጎሉ ግራጫ ልባስ) ሁሉ የመጀመሪያው የማየት ክፍል ነው፤ በኋላ ብሮድማን የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም 17 ቁጥር የሰጠው። መስመሩ ድንገት ያልቃል። ያለቀበት ቦታ ድንበር ነው፤ ከዚያ ወዲያ 18 ነው። በአጉሊ መነጽር እንኳ ሳትጠቀሚ የምታገኚው የአንጎል ድንበር ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ዲሴክሽን ክፍልሽ ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ የተቀመጠው አንጎል ላይም አለ።

ኮርቢኒያን ብሮድማን በ1909 ያሳተመውን፣ ኮርቴክስን በሴሎቹ አደራደር ከፋፍሎ ቁጥር የሰጠበትን ካርታ እያስተማርሽው ስለሆነ ብዙ አላብራራልሽም። ሰው ላይ 43 ክፍሎች ለየ፣ ቁጥሮቹ ግን እስከ 52 ይሄዳሉ። ተማሪ «14 ቁጥር የት ሄደ?» ብሎ ሲያስጨንቅሽ፣ በዚያ የሰው ካርታ ላይ የለም፣ ቁጥሩን ለሌሎች እንስሳት ነው የተጠቀመበት በይው። (እኔን ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ልጅ ነው ወደዚህ ሙያ የገፋኝ። መልሱን አላውቅም ነበር፣ ክፍሉ ሳቀብኝ።)

የብሮድማን ካርታ ችግር መስመሩ የአንድ ሰው ዐይን ፍርድ መሆኑ ነው። ሰዎች ደግሞ አንጎላችን አንድ አይደለም። የ17 ቁጥር ስፋት ብቻውን ከአንዱ ጤነኛ ሰው ወደ ሌላው ከእጥፍ በላይ ይለያያል። ለዚህ ነው በ2020 የወጣው የዩሊሽ አትላስ ከ23 አንጎሎች የተሠራው። አንድ ክፍል በአሥር የተለያዩ አንጎሎች ላይ ይሰመራል፣ ከዚያ አሥሩ ይደራረባሉ። የሚወጣው መስመር ሳይሆን ዕድል ነው፦ «እዚህች ነጥብ ላይ ከአሥሩ ሰው በሰባቱ 44 ቁጥር ነው» የሚል። የቀዶ ሕክምና ሐኪም የሚፈልገው ይህን ነው። ድንበሩን በመጨረሻ የሚፈትነው ቀመር ነው፤ ሴሎቹ በየንብርብሩ ምን ያህል እንደተጠጋጉ ይለካል። ግን ቀመሩን የት ላይ እንደምትጠቀሚ፣ ውጤቱስ አንጎል ይመስላል ወይስ ቅዠት የሚለውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ወደ ፕሮግራሚንጉ ልምጣ። ስንት ይበቃል? የሶፍትዌር ኢንጂነር መሆን አይጠበቅብሽም። ፓይተን ተማሪ። ሥዕል ማለት የቁጥር ሠንጠረዥ መሆኑ ይግባሽ፤ መክፈት፣ መቁረጥ፣ መቁጠር ቻይ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነገር ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ መጋጠሚያ። አንዲት ነጥብ በአንዱ ሥዕል ላይ ያላት አድራሻ ወደ ሌላው ሥዕል እንዴት እንደሚተረጎም ማለቴ ነው። ኒውሮአናቶሚን ካርታ የሚያደርገው ይኸው ነው።

እኔ ይህንን በውርደት ነው የተማርኩት። ራዲዮሎጂስት ኤምአርአይን ከታካሚው እግር በኩል ቆሞ እንደሚያይ አድርጎ ያነባል፤ ስለዚህ የታካሚው ቀኝ በስክሪኑ ግራ ነው። ብዙ ተመራማሪ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚያሳየው። እኔ ሁለቱን ቀላቅዬ ለሁለት ወር ሠራሁ። ፕሮግራሙ አንድም ስህተት አላወጣም። ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። በስብሰባ ላይ ሥዕሉን ሳሳይ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ አንዲት አናቶሚስት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «እነዚህ ሰዎች ሁሉ አንጎላቸው ተገልብጦ ነው የተፈጠሩት?» አሉ። በአብዛኛው ሰው የአንጎሉ ግራ ጎን ከኋላ፣ ቀኝ ጎኑ ከፊት ወጣ ይላል። የእኔ ካርታ ላይ ግን ሁሉም በተቃራኒው ነው። ኮዱ ሁለት ወር ያላየውን እሳቸው በአምስት ሰከንድ አዩት። ከዚያ ወዲህ የቫይታሚን ኢ እንክብል በተመርማሪው ቀኝ ግንባር ላይ ለጥፈው የሚያነሱ ላብራቶሪዎችን አከብራለሁ፤ ዘይቱ በኤምአርአይ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፣ ግራና ቀኝ አያከራክርም።

ልምምድ ከፈለግሽ ኒውሮሞርፎ ከሚባለው ነፃ ማኅደር ጀምሪ። ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተዳድረው። ከመቶ ሺህ በላይ የነርቭ ሴሎች ቅርጽ አለበት። ለእኛ አገር ኔትወርክ ደግሞ የተባረከ ነው፤ አንድ ሴል ማለት አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። ብትከፍቺው በየመስመሩ ሰባት ቁጥር ታገኛለሽ፦ የነጥቧ መለያ፣ ዓይነቷ፣ ሦስት የቦታ ቁጥሮች፣ ውፍረቷ (በራዲየስ)፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወላጇ ማን እንደሆነች። በቃ። ከዚህ ተነስተሽ የአንድን ሴል ቅርንጫፎች ጠቅላላ ርዝመት አስይው። ምናልባት አንድ ሳምንት ይፈጅብሻል። ግን በሳምንቱ መጨረሻ ሉፕ ምን እንደሆነ፣ ፋይል እንዴት እንደሚነበብ፣ ወላጅና ልጅ በኮድ እንዴት እንደሚያያዙ ይገባሻል፤ ያውም በምታውቂው ነገር ላይ። የባንክ ሒሳብ ምሳሌ ከሚያስተምር ኮርስ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሶፍትዌር በገንዘብ እንዳትገዢ። የሥዕል መተንተኛዎቹ ኪውፓዝ፣ ፊጂ፣ አይቲኬ ስናፕ፣ ፍሪሰርፈር ሁሉም ነፃ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ደህና ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። ቢግብሬይንም ቢሆን ሙሉውን ካላወረድኩ ብለሽ አትሰቃዪ፤ ወረድ ባለ ጥራት የተዘጋጀ አለ፣ በብሮውዘርም ይታያል። ኒውሮማች አካዳሚ የሚባል ኦንላይን ትምህርት ቤት ከ2020 ጀምሮ አለ፤ ክፍያውን እንደ አገሩ የኑሮ ሁኔታ ነው የሚተምነው። ኬፕታውን የሚካሄደው ኢምቢዞ የአፍሪካ ልጆችን እየጋበዘ የሒሳባዊ ኒውሮሳይንስ ሥልጠና ይሰጣል። ኢብሮ የሚባለው ዓለም አቀፉ የአንጎል ምርምር ድርጅትም ለአፍሪካውያን አጫጭር ሥልጠናዎችና ድጋፎች አሉት። ማመልከት ነው እንግዲህ።

ስለ እንጀራው ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርሽ። ሁሉም ሰው የሚያልመው ፕሮፌሰርነት ወንበሩ ጥቂት፣ ሰልፉ ረጅም ነው። እዚህ ጀርመን በመደበኛው ደንብ በጊዜያዊ ኮንትራት መመራመር የሚቻለው ከዶክትሬት በፊት 6 ዓመት፣ ከዶክትሬት በኋላ ሌላ 6 ዓመት ነው፤ በሕክምናው ዘርፍ የኋለኛው 9 ይሆናል። ትላልቅ ፕሮጀክቶችም ያልቃሉ። የአውሮፓው የሰው አንጎል ፕሮጀክት ከ2013 እስከ 2023 ቆይቶ ተዘጋ፤ ኢብሬይንስ የሚባለው መድረክ ቀረ። ፕሮጀክት ሲዘጋ ኮንትራትም አብሮ ይዘጋል። ይህን ሳታውቂ አትግቢ።

ብዙ ሰው የማያያቸው ወንበሮች ግን አሉ። ቁራጭ የሚቆርጥና የሚያቀልም ጎበዝ የላብራቶሪ ሰው። አትላስ ላይ ስያሜና ድንበር የሚያስተካክል፣ «ይህ ላብራቶሪ እንዲህ ሲል ያኛው እንዲያ የሚለው አንድ ቦታ ነው» እያለ የሚያስታርቅ። የስካነሩን ሥዕል ተቀብሎ ጥራቱን የሚፈትሽ። የኤአዩን ስህተት የሚያርምና አራሚዎችን የሚያሠለጥን። እነዚህ ሥራዎች ስም ላይኖራቸው ይችላል፤ ግን ያለ እነሱ አትላስ አይወጣም። የሲያትሉ አለን ኢንስቲትዩት፣ የማይክሮሶፍቱ ፖል አለን በ2003 የመሠረተው፣ የአይጥ አንጎል ውስጥ 20,000 ገደማ ጂኖች የት የት እንደሚሠሩ የሚያሳየውን አትላስ በ2006 የጨረሰው በእንደዚህ ዓይነት ሠራተኞች ላይ ቆሞ ነው። ቋሚ ቅጥር የመገኘት ዕድሉ እዚህ በኩል የተሻለ ይመስለኛል። ልብሽ ምርምር ካለ ፒኤችዲ ግድ ነው። ልብሽ ሥራው ራሱ ላይ ከሆነ ግን ሁልጊዜ ግድ አይደለም። ሁለቱን ለዪ።

አገር ውስጥ ሆኖስ ይቻላል? ይቻላል፣ ጥያቄውም አለ። ዛሬ አብዛኛው የኤምአርአይ ጥናት አንጎልን የሚያስተካክልበት መደበኛ ሞዴል ከ152 ጤነኛ ሰዎች ሥዕል የተሠራ የሞንትሪያል ሞዴል ነው። መጠኑም ከአብዛኛው ሰው አንጎል ተለቅ ያለ ነው። ከእሱ በፊት በሰፊው የተሠራበት የ1988ቱ የታላይራክ አትላስ ደግሞ ከአንዲት የ60 ዓመት ሴት አንጎል የተወሰደ ነው። የእኛን ሰው አንጎል ወደዚያ ቅርጽ ስንጎትተው ምን ያህል ይዛባል? የትኛው ክፍል ላይ ይብሳል? ይህ የሆስፒታል ኤምአርአይ፣ አንድ ራዲዮሎጂስት ጓደኛ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና አይቲኬ ስናፕ ይዘሽ ልትጀምሪው የምትችይው ሥራ ነው። ሚሊዮን ዶላር አይጠይቅም።

ፈቃድ ያልኩሽን ግን አደራ። በብዙ የአፍሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለትምህርት የሚውለው አስከሬን ጠያቂ ያልተገኘለት ሰው ነው፤ እኛም ጋ በአብዛኛው እንዲያው ነው። ለማስተማር መፈቀዱ ለምርምር ተፈቀደ ማለት አይደለም። የቢግብሬይን ዓይነት ሥራዎች የተሠሩት ሰዎች በሕይወት እያሉ ፈቅደው በለገሱት አካል ነው። አንጎል ይዘሽ ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት የዲፓርትመንትሽን ኃላፊና ኮሚቴውን በጽሑፍ ጠይቂ። ነገ ጽሑፍ ልታሳትሚ ስትይ አዘጋጁ ቀድሞ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው። ደግሞም፣ ፈቃድ ባይጠየቅም፣ ያ ሰው ሰው ነበር።

ኢሜይል ስለመጻፍ። በሳምንት የሚደርሱኝ ማመልከቻዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ምርምርዎን በጥልቅ አደንቃለሁ» ይላሉ፣ የትኛውን ምርምር እንደሆነ ግን አይሉም። ሲቪሽን አሥር ገጽ አታድርጊው። በምትኩ አንድ ሥዕል ላኪ። በራስሽ እጅ የተሰመረ፣ ከሥሩ ሦስት መስመር ማብራሪያ ያለው፦ ድንበሩን እዚህ ያሰመርኩት በዚህ ምክንያት ነው፣ እዚህ ጋ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ያቺ «እርግጠኛ አይደለሁም» የምትለው መስመር ከማንኛውም ሰርተፊኬት በላይ ትናገርልሻለች። ቢያንስ እኔ እንዲያ ነው የማነበው።

29 ዓመት ምንም አይደለም። እኔ የመጀመሪያዬን የኮድ መስመር ስጽፍ 31 ነበርኩ፣ ያውም ተሳስቼ።

ስለዚህ ፈቃዱን ስታገኚ እንዲህ አድርጊ። አንድ ፎርማሊን ውስጥ የቆየ አንጎል ውሰጂ፣ በደንብ እጠቢው። ከኋላ በኩል ካልካሪን ሰልከስን (በማየት ክፍሉ መሐል የሚያልፈውን ስንጥቅ) አግኚና ለእሱ ቀጥ ብሎ በሚያቋርጥ አቅጣጫ፣ በሰላ ረጅም ቢላ፣ በአንድ ትንፋሽ ቁረጪው፤ መጋዝ እንደምትስቢ ወዲያና ወዲህ አትበይ። ገጹን በውሃ አርጥበሽ መብራት ከጎን አብሪበት። ነጩን መስመር ታገኚዋለሽ። የሚያልቅበትን ቦታ በመርፌ ምልክት አድርጊና በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ከዚያ ላኪልኝ። ከጎኑ ማስመሪያ ማስቀመጥ እንዳትረሺ፤ ሚዛን የሌለው ፎቶ አልቀበልም።